ሦስት ወንበር በሆርን ባቡር

ዴንሃግ፣ ላክ ሠፈር
ማርች 3 ቀን 1986

በዓይን ለማላውቅዎ፣ ወንድሜን ግን መርከብ ላይ ለሚጠብቁልኝ ለጋሽ ኣረፋይኔ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? የባሕሩ ነፋስ፣ የላውንደሪው ወበቅ፣ የግሪኮቹ ጩኸት እንዴት አድርጎዎታል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከደህናም በላይ ነኝ፤ እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ግን በደስታ ነው።

«ወንድምሽ እዚሁ አጠገቤ እያለ ለምን ለእኔ ትጽፊያለሽ? ምን ብትደብቂው ነው?» ብለው መጠየቅዎ ልክ ነው። እኔም ብሆን እጠይቅ ነበር። በመጀመሪያው ደብዳቤ ግማሹን ውጬ ግማሹን የጻፍኩት ሰው ሳይታወቅ ሁሉ አይነገርም ብዬ ነውና ይቅር ይበሉኝ። ሮተርዳም ወደብ የሚሠሩት ጋሽ ሓድጉ ግን «ኣረፋይኔን ምጽዋ አብረን ነው ያደግነው፤ አፉ ክፉ ነው እንጂ ምስጢር ከነገርሽው መቃብር ነው» ብለው ስለማሉልኝ አሁን ሁሉንም እዘረግፈዋለሁ።

እናታችን ልትመጣ ነው!

ይኸው ጻፍኩት። እማዬ፣ ብዙወርቅ ወልደየስ፣ ከድሬዳዋ ምድር ባቡር ሠፈር ተነሥታ ሆላንድ ልትመጣ! ለዓይን ሕክምና ነው። እኔ የምሠራበት ዞተርሜር ያለው የአረጋውያን ቤት ኃላፊዋ ሴትዮ የጥሪ ደብዳቤ ጻፈችልኝ፣ እዚህ ያለው ኸሜንተም ማዘጋጃ ቤታችን ማለቴ ነው፣ ማኅተሙን መታ። እዚያም ቀበሌው ፈቅዷል። የቀረው የመውጫ ቪዛ ብቻ ነው። ብቻ ስል ያው እርስዎም ያውቁታል፤ ያ «ብቻ» ስንቱን ሰው አስቀርቶታል።

ለአዘዘ ያልነገርኩት ለዚህ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት አቴና ትመጣለች ተብሎ ሦስት ቀን ሙሉ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀምጦ ሲጠብቅ እሷ ከቦሌ ተመልሳ ቀረች። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደታመመ ያስታመሙት እርስዎ ነዎት፤ ለእርስዎ አይነገርም። እማዬም በስልክ «እግሬ ሆላንድን ሳይረግጥ ለልጄ ትንፍሽ እንዳትይ» ብላ በማርያም አስምላኛለች። ካየችው ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዓይኗ ደግሞ ከቀን ወደ ቀን እየደከመ ነው። «ጨርሶ ሳይጠፋ የልጄን ፊት ልየው» ትላለች፤ ሌላ ምንም አትጠይቅም።

አሁን ወደ ጉዳዩ። መርከባችሁ ሜይ 24፣ ቅዳሜ፣ አምስተርዳም እንደሚቆም አዘዘ ጽፎልኛል። ግን ለሠራተኛ የሚሰጠው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው አለ። በሁለት ሰዓት ምን ይሆናል? ዴንሃግ ደርሶ መመለስ አይችልም፤ እኛን ደግሞ ወደብ በር ላይ ዘበኛው አያስገባንም። እሷን አሮጊት በሽቦ አጥር አሻግሬ ላሳየው?

ትናንት ታዲያ አንድ ነገር መጣልኝ። አምና በግንቦት ከምጦራቸው አረጋውያን ጋር ሆርን ከምትባል ከተማ በከሰል ባቡር ተሳፍረን ሜደምብሊክ ድረስ ሄደን ነበር። በመስክ መሐል፣ በቦዮች አጠገብ፣ ላም ቀና ብላ እስክታይ ድረስ ቀስ እያለ የሚሄድ፣ የእንጨት ወንበር ያለው፣ ልክ እንደኛው ምድር ባቡር የሚያፏጭ ባቡር ነው። እማዬ እኮ የባቡር ተቆጣጣሪ ሚስት ናት! እሱ ላይ ባገናኛቸውስ ብዬ ወደ ቱሪስት ቢሮው ሮጥኩ። ልጅቷ መዝገቧን አየችና «ሜይ 24 ከቀትር በፊት ያለውን ባቡር እንዳለ አንድ መርከብ ይዞታል፤ ቦታ የለም» አለችኝ። የትኛው መርከብ? ብዬ ጠየቅኳት። የእናንተው! ጮኼ ልጅቷን አስደነገጥኳት።

ጋሽ ኣረፋይኔ፣ ሁለት ነገር እለምንዎታለሁ። እዚያ ባቡር ላይ ለእኔ፣ ለእማዬና ለጋሽ ሓድጉ ሦስት ወንበር እንዴት ይገኛል? አዘዘንስ በምን ዘዴ እናሳፍረው?

የሚያስቸግርዎት እህትዎ
የትነበርሽ አበጋዝ

*

ፒሬየስ ወደብ
ማርች 20 ቀን 1986

ለየትነበርሽ፣

ሰላም ነሽ ወይ? ሓድጉን ስለ አፌ የሰጠውን ምስክርነት አመስግኚልኝ። ምጽዋ ላይ ዓሣ ሲሰርቅ ተይዞ እኔ ነኝ ብዬ የተገረፍኩለት ሰው መሆኔንም ጨምሪበት።

ወንበሩ ተገኝቷል። ቆይ፣ እልል አትበዪ፤ እንዴት እንደተገኘ ስሚ። ለተሳፋሪዎቻችን የየወደቡን ሽርሽር የሚሸጠው ግሪክ «የተረፈ ወንበር ካለ በመጨረሻው ሳምንት እናያለን» ብሎ አሰናበተኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ሓፍተይ፣ እህቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፦ የዚህ ሰው ነጭ ሱሪ በእኔ እጅ ነው ያለው። በየማታው ካፒቴኑ ገበታ ላይ የሚቀርበው ሱሪው እንደ ምላጭ ተተኩሶ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ሁለት ሁለት መስመር እያወጣሁ ተኮስኩለት። አንዱ መስመር ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ። ቢለውጥ ያው፣ ቢመልስ ያው። በሰባተኛው ቀን ራሱ ላውንደሪ ድረስ ወርዶ «ስንት ወንበር ነበር ያልከው?» አለኝ። ሦስት አልኩት። በወደቡ ወኪል በኩል ትኬቱ በሓድጉ ስም ይደርሳችኋል። በአበጋዝ ስም ያላደረግሁት ወንድምሽ የስም ዝርዝሩን ስለሚያይ ነው፤ የአባቱን ስም ካየ ያልቅልናል።

የአዘዘም ነገር መላ አለው። በየሽርሽሩ ሁለት ሠራተኛ አብሮ ይወርዳል፤ ብርድ ልብስ የሚሸከም፣ የምሳ ካርቶን የሚያድል፣ አሮጊቶቹን እጃቸውን ይዞ ደረጃ የሚያወጣ። እንዲህ የወረደ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ነፃ ነው ማለት ነው። አዘዘን አስመዘገብኩት። እሱ የሚያጸዳቸውን ካቢኖች እኔ እይዝለታለሁ፤ አንሶላ ማንጠፍ ድሮም ሥራዬ ነው።

ችግሩ ራሱ አዘዘ ነው። «ባቡር? እኔ የባቡር ልጅ፣ ባቡር ልይ ብዬ ከመርከብ ልውረድ? ሁለቷን ሰዓት እህቴን አምስተርዳም ጠርቼ ሻይ እጠጣለሁ» ብሎ ድርቅ አለ። ለምን እንደፈለግሁት አልነግረው፤ መቃብር ነው ብለሽ አስረሽኛል። ስለዚህ አንቺ ጻፊለት። የአንቺን ቃል ይሰማል። ባቡሩ ላይ እጠብቅሃለሁ በይው፣ ሌላውን ተዪው። ነገር አታብዢ!

ኣረፋይኔ

*

ዴንሃግ
ኤፕሪል 7 ቀን 1986

ለጋሽ ኣረፋይኔ፣

እንደምን አሉልኝ? ዘግይቼ ስለመለስኩልዎ ይቅርታ። የሱሪውን ነገር ለጋሽ ሓድጉ ሳነብላቸው ከወንበር ሊወድቁ ነበር። የዓሣውን ግን «ተገልብጦ ነው የተነገረሽ» ብለዋል። እኔ መሐል አልገባም።

ትኬቱ ደረሰን! ሦስት ጠንካራ ካርቶን፣ ሦስተኛው ሠረገላ፣ በመስኮት በኩል። ግድግዳዬ ላይ ለጥፌው በገባሁ በወጣሁ ቁጥር አየዋለሁ። ቅዳሜ ትራንስቫል ገበያ ወርጄ ለእማዬ ካፖርት ገዝቻለሁ፤ ባቡሩ ውስጥ ነፋስ አለ። ለራሴም ቢጫ ቀሚስ ገዛሁ፤ ወንድሜ ከሩቅ እንዲያየኝ። የቪዛው ወሬ ገና ነው። «ነገ ተመለሱ» ይሏታል፤ ትመለሳለች። ሰባት ጊዜ ተመልሳለች።

ለአዘዘ እንዳሉኝ ጻፍኩለት። ስጽፍ ምን ያህል እንደተጠነቀቅሁ ቢያዩ! ምንም እንዳያውቅ፣ ግን ደግሞ እንዳይቀር። ቃል በቃል ልንገርዎ፦

«ወንድሜ ሆይ፣ ሜይ 24 ከባቡሩ አደራህን እንዳትቀር። ሆርን ጣቢያ እጠብቅሃለሁ። ብቻዬን አይደለሁም፣ ጋሽ ሓድጉን የመሰሉ ትልቅ ሰው አብረውኝ አሉ። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ፣ በአካል ነው የምነግርህ፤ በደብዳቤ የሚሆን አይደለም። ስለ እማዬ አታስብ፣ እሷ ደህና ናት። ቁርስህን ግን በደንብ በልተህ ና።»

ቁርሱን ያልኩት የባቡሩ ምሳ የሚታደለው ሜደምብሊክ ከደረሱ በኋላ ስለሆነ ነው፤ አምና አሮጊቶቼ በረሃብ ሲነጫነጩ ነው የደረሱት። እንዴት አዩት? ይንገሩኛ! አልተዋጣልኝም?

የትነበርሽ

*

ሊዝበን
ኤፕሪል 22 ቀን 1986

አንቺ ልጅ፣ ሰላምታው ይቆየኝና ምን ነካሽ?

አልተዋጣልኝም ወይ ትይኛለሽ። ተዋጥቶልሻል! እንደዚህ ያለ የመርዶ ደብዳቤ ከተወለድኩ አላየሁም። እንዴት ነው ያላየሽው? እኔስ ነገር አታብዢ አላልኩም?

ደብዳቤሽን ላውንደሪ መጥቶ አጠገቤ ነው ያነበበው። አንድ ጊዜ አነበበ። ደገመ። ከዚያ የአንሶላ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶት በጣቱ ይቆጥር ጀመር። «በአካል ነው የምነግርህ አለች። በደብዳቤ አይሆንም አለች። ሽማግሌ ይዛለች። እማዬ ደህና ናት አለች፤ ማን ጠየቃት?» አለ። እኔ ቀልድ ልፈልግ አፌን ስከፍት አምስተኛው ላይ ደረሰ። «ቁርስህን በልተህ ና።» እዚያ ላይ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተውና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሰው ካልበላ መርዶ አይነገረውም፤ ይህን የማያውቅ ማን አለ? አንቺ ራስሽስ የአባትሽ ጊዜ አጥብቀው አብልተውሽ አይደለም ወይ?

«ኧረ እናትህ ደህና ናት!» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። «አንተም ታውቅ ኖሯል» አለኝ። በእመቤታችን ብዬ ማልኩ። «ለመርዶ የማይማል መሐላ የለም» አለኝ። ማስተባበል ማለት ለካ እሳት ላይ ጋዝ መጨመር ነው! ዝም ብል ዝምታዬ መርዶ ነው፤ ብናገር ንግግሬ መርዶ ነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም።

በማግስቱ ራሱን ተላጭቶ መጣ። ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ጥቁር ሸሚዝ፣ ጥቁር ሱሪ፤ ሥራ ሲጨርስ ከል ለብሶ ይቀመጣል። ፊሊፒኖዎቹ ሻማ ይዘው ለቅሶ ደረሱ። ካፒቴኑ የሐዘን ካርድ ላከ። እናትሽ ድሬዳዋ ተቀምጣ ቪዛ ትጠብቃለች፤ እዚህ ስድስተኛው ወለል ላይ ሰልስቷ ወጥቷል!

የሚያስቀው አለቀ፤ አሁን የማያስቀውን ልንገርሽ። ከሽርሽሩ ዝርዝር ስሙን አሰርዟል። ወደ ግሪኩ ራሱ ሄዶ። «እዚያ ወርጄ የማልፈልገውን አልሰማም፤ እኔ ካልሰማሁት አልሞተችም» አለኝ። ባሕር ላይ ካለሁ መርዶ አይደርስብኝም ነው የሚለው። እምቢ ካለ የእናቱን ፊት አያይም፤ እሷም የሱን። መርከባችን ከዚያ በኋላ ወደ ካሪቢያን ነው የሚሻገረው፤ መቼ እንደሚመለስ እንጃ።

ከዚህ የመሐላ ማሰሪያ ፍቺኝ። ልንገረው ወይስ አልንገረው? ቶሎ ወደ ሳውዝሃምፕተን ወኪል ጻፊልኝ።

ኣረፋይኔ

*

ዴንሃግ
ሜይ 6 ቀን 1986

ጋሼ፣ ጋሼ፣ ጋሼ!

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ምን ብዬ ልጀምር? በማልቀስ ወይስ በእልልታ?

ቪዛው ወጣ! ወጣ! ቅዳሜ ሹር ደወለችልኝ። «ማኅተሙን በጣቴ ዳሰስኩት፣ እርጥብ ነው» አለችኝ። ማክሰኞ ሜይ 20 ጠዋት ስኪፕሆል አውሮፕላን ማረፊያ ትገባለች። ጮኼ የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ በመጥረጊያ ጣራውን ደበደበችው። ወርጄ አቅፌ ሳምኳት።

የእርስዎን ደብዳቤ ያገኘሁት በዚያው ቀን ነው። ደስታዬን ቀማኝ። ምነው እጄን በቆረጠው! የራሴን ቃል አምስት ጊዜ መልሼ አነበብኩት፤ ልክ ነዎት፣ እኔም ብሆን እላጭ ነበር። የአባቴ ጊዜ ጎረቤታችን እናትነሽ «ብዪ፣ ትንሽ ጉረሺ» እያለች በእንባዋ ነው ያጎረሰችኝ። እንዴት ረሳሁት? ስደት ሰውን እንዲህ ያደርጋል እንዴ? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እኔ ለአሮጊቶች ምሳ ሰዓት ስጨነቅ ቁርስ ቁርስ ብቻ ሆኖብኝ!

ፈትቼዎታለሁ። መሐላውን እኔ እሸከመዋለሁ፤ ንስሐዬን እገባለሁ። ይንገሩት! ሁሉንም ይንገሩት! ለእሱም ለብቻ እውነቱን ጽፌ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ ቁርስ የሚል ቃል የለበትም። ስኪፕሆል እንደገባች ደግሞ ለመርከቡ ቴሌግራም እመታለሁ።

ለእማዬ ግን መላጨቱን አልነገርኳትም። በሕይወት ያለ ሰው ላይ ከል መልበስ ሟርት ነው ትለኛለች፤ መንገድ ልትነሣ ነው፣ አላስደነግጣትም።

አደራ በሰማይ አደራ በምድር፣ ስሙን መልሰው ያስጽፉልኝ። ሦስቱ ትኬቶች ግድግዳው ላይ ናቸው።

የትነበርሽ

*

ሳውዝሃምፕተን
ሜይ 21 ቀን 1986

ለየትነበርሽ፣

ይህ ደብዳቤ ከቅዳሜ በፊት ይደርስሽ እንደሆነ አላውቅም። ቢደርስሽ እንዳትጮሂ፤ ጎረቤትሽ ጣራዋን ትደበድባለች።

ቴሌግራምሽ ደርሷል። «እማዬ ገብታለች» ይላል። ሳነበው ቆሜ ነበር፣ ተቀመጥኩ። ዕድሜዋን ያርዝመው። ይዤው ወደ አዘዘ ሮጥኩ። ደብዳቤሽን ከዚያ በፊት ሰጥቼው ነበር፤ ሳይከፍተው ትራሱ ሥር ከቶታል። «ተነስ! እናትህ ሆላንድ ናት! ቅዳሜ ባቡሩ ላይ ትጠብቅሃለች!» አልኩት።

ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ አከብርሃለሁ። ግን ሰውን ለማውረድ ይሄን ያህል መዋሸት ነውር አይደለም?» ቴሌግራሙን አሳየሁት። በላቲን ፊደል የተመታ፣ የማንም እጅ ጽሑፍ የሌለበት ወረቀት። «ለዘመድ መርዶ ሲሆን ድሮም ‘ትንሽ አሟታል’ እየተባለ ነው ሰው የሚጠራው፤ እናንተ ደግሞ አሻሽላችሁ ‘መጥታለች’ አላችሁ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ዘጠኝ ዓመት አትመጣም ሲባል የኖረ ሰው፣ ከቦሌ ተመለሰች የተባለ ሰው፣ መጣች ሲሉት ምን ብሎ ይመን? አልፈርድበትም። አንድ ወር ሙሉ እውነቱን ነገርኩት፤ አንድም ቀን አላመነኝም።

ዛሬ ጠዋት ግሪኩ የመጨረሻውን ዝርዝር ሊዘጋ ነው ተባለ። እዚህ ላይ ያደረግሁትን ስነግርሽ እፈራለሁ። ክፍሉ ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና «እሺ» አልኩት። «እሺ፣ ገምተሃል። እናትህ ሞታለች።»

ትራሱን አቀፈ።

«እህትህ አንድ ሽማግሌ ብቻ ይዛ ሆርን ጣቢያ ቆማ ትጠብቅሃለች። አንተ ትራስህን አቅፈህ ተኛ፤ እሷ ብቻዋን ታልቅስ» አልኩት። ተነሥቶ ፊቱን ታጠበ። «አስጽፈኝ፤ እህቴን ብቻዋን አላስለቅሳትም» አለኝ። ሮጬ አስጻፍኩት። በወር ውስጥ ያመነኝ የዋሸሁ ቀን ብቻ ነው።

በሕይወት ያለችን እናት ሞተች አልኩ! በአፌ! የኔ እናት ስትሞት የሰማሁት ከወረቀት ነው፤ መርከብ ላይ፣ አንድም ሰው አጠገቤ ሳይኖር። ቁርስ እንኳ ብላ ያለኝ አልነበረም። መርዶ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እያወቅሁ በሐሰት ተናገርኩት። እናትሽ ይህን ከሰማች ትረግመኛለች፤ የእናት እርግማን ደግሞ ባሕር አያግደውም። ይቅርታዋን ለምኝልኝ። ካልሆነም አትንገሪያት፤ መቃብሩ አሁን አንቺ ሁኚ።

ቅዳሜ እኔ የእሱን አንሶላ ሳነጥፍ እውላለሁ። የሆነውን ሁሉ ጻፊልኝ፤ አንዲት ነገር እንዳታስቀሪ።

ኣረፋይኔ

*

ዴንሃግ
ሜይ 26 ቀን 1986፣ ሰኞ

ለወንድሜ ለጋሽ ኣረፋይኔ፣

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዛሬ ነው። ቅዳሜ ታዲያ ምንም ሳላውቅ፣ ነግረውታል፣ አምኗል፣ እየሳቀ ይወርዳል ብዬ ነው ቢጫ ቀሚሴን ለብሼ የቆምኩት!

እማዬን ጋሽ ሓድጉ ደግፈው ቀድመው ሦስተኛው ሠረገላ ውስጥ በመስኮት በኩል አስቀመጧት። ብዙ መቆም አትችልም። እኔ ከደረጃው ሥር ቆምኩ። ሦስት አውቶቡስ ሙሉ አሜሪካኖች ከአምስተርዳም መጡ፤ ካሜራ፣ ኮፍያ፣ ሳቅ። የመጨረሻው ሰው እሱ ነበር። የብርድ ልብስ ቁልል ተሸክሟል፤ ራሱ የተላጨ፣ ከላይ እስከ ታች ጥቁር። ከሳ ጋሼ! አባቴን መስሏል። ሮጥኩ። አላቀፈኝም። ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የተናገረኝ የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው፦

«ቢጫ ለበስሽ?»

እጁን ይዤ ደረጃውን ጎተትኩት። እሱ የለቅሶ ቤት ገብቶ እንደሚቀመጥ ሰው አንገቱን ደፍቶ ገባ። እማዬ ዓይኗን አጥብባ ስታየው ቆየችና «የትነበርሽ፣ ይሄ ሐዘንተኛ ማነው? ማን ሞቶበት ነው?» አለች።

ድምጿን ሲሰማ የብርድ ልብሱ ቁልል ከእጁ ወደቀ። አንዲት አሜሪካዊት እግር ላይ ነው የወደቀው፤ ይቅርታ አልጠየቀም። ባለበት ተንበረከከ። እማዬ እጇን ዘርግታ ፊቱን ዳሰሰች፤ ግንባሩን፣ አገጩን፣ ልጅ ሆኖ ከባቡር ወድቆ የተሰፋባትን ጠባሳ። ጠባሳዋ ላይ ስትደርስ «አዘዘ!» አለች። ከዚያ ደግሞ የተላጨውን ራሱን ነክታ ደነገጠች። «ማን ሞተብህ ልጄ? ማንን ነው የደበቃችሁኝ?»

ጋሽ ሓድጉ ናቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው «እርስዎ ነዎት» ያሏት።

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። «እና አልቅሰህልኛል?» አለችው። ራሱን ነቀነቀ። «ብዙ?» «አንድ ወር» አለ። «ራስህንም ለኔ ነው የተላጨኸው?» «አዎ።» ይሄኔ ሳቀች፤ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። «ሰው ሞቶ ማን እንዳለቀሰለት አያይም፤ እኔ ሳልሞት አየሁ!» ብላ ራሱን ደረቷ ላይ አስደገፈችው። ባቡሩ ሲያፏጭ እኔም እልልታዬን ለቀቅሁት። አሜሪካኖቹ የሽርሽሩ አካል መስሏቸው አጨበጨቡልን።

እንግዲህ ጋሼ፣ ስለ ባቡሩ ጉዞ ምን ልንገርዎ? ላሞቹን ማንም አላየም። ቦዩን፣ የነፋስ ወፍጮውን፣ ቱሊፑ ተቆርጦ ያለቀበትን ማሳ ማንም አላየም። በመስኮት በኩል ብዬ የለመንኩት ወንበር ከንቱ ቀረ፤ እሷ ራሱን ስትደባብስ፣ እሱ እጇን ሲስም ሜደምብሊክ ደረስን። የምሳውን ካርቶን ያደሉት ጋሽ ሓድጉ ናቸው። አንዷ አሮጊት በጣም ተደስታ ጉርሻ ሰጠቻቸው፤ እስካሁን ይኮሩበታል።

ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ወደብ በር ላይ ተለያየን። አለቀሰች፣ አለቀስን፤ አልዋሽዎትም። ግን ፊቱን በቀን ብርሃን አይታዋለች። ትራም ላይ ስትሪፐንካርቱን፣ ማለት ትኬታችንን፣ ሳስመታ ሳለሁ «ግራ ጉንጩ ላይ ሁለት ሽበት አለ፤ አየሽለት?» አለችኝ። እኔ አላየሁም ነበር።

አሁን ጥፋቴን ልናዘዝ። ዛሬ ደብዳቤዎን ከፍቼ ሳነብ ፊቴን አይታ፣ ሳልነግራት አወቀች፤ «ጮክ ብለሽ አንብቢው» አለችኝ። መቃብር መሆን አልቻልኩም። እንደዋሹ፣ ሞታለች እንዳሉ፣ እርግማን እንደፈሩ፣ የእናትዎንም ነገር፣ ሁሉንም አነበብኩላት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። ከዚያ «ወረቀት ያዢ፣ እኔ የምልሽን ብቻ ጻፊ» አለች። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ቃል ነው፤ እኔ የጨመርኩበት የለም።

«ለልጄ ለኣረፋይኔ። እናትህን ነፍሷን ይማር። ብቻህን ነው የሰማኸው አሉ፤ አዘንኩልህ። ዛሬ ስሟን ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ ለሷም አለቅስ ነበር፤ ስሟን ጻፍልኝ። እርግማን ያልከውን ደግሞ ተወው። ደህና ናት እያልክ አንድ ወር ስትምል ልጄ ከመርከብ አልወረደም። ገድለኸኝ ነው ያመጣህልኝ። እግዜር ይስጥህ።»

ቃሏን የጻፍኩት፣
የትነበርሽ